የሙታን ቀን ማሊያ ከማሳተምሽ በፊት

እስቲ ያንን የራስ ቅል ለጊዜው ከስክሪኑ ላይ አንሺው። አሣሣልሽ ያምራል። ግን ክለቡ ያዘዘሽ የሜክሲኮን የሙታን ቀን ማሊያ ነው፤ ይሄ ጥርሱን ያፋጨ ቅል ደግሞ ተጋጣሚን ማስፈራሪያ ነው። ማስፈራራት የሃሎዊን ነገር ነው። ቀናቸው ስለተቀራረበ ብዙ ሰው ሁለቱን ይደባልቃል፤ አንቺ እንዳትደባልቂ።

በሜክሲኮ ኖቬምበር 1 ቀን በሕፃንነታቸው የሞቱት፣ በማግስቱ ደግሞ አዋቂዎቹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ተብሎ ይጠበቃል። ፎቷቸው በመታሰቢያ ገበታ ላይ ይደረደራል፣ ሻማ ይበራል፣ ኮፓል የሚሉት ዕጣን ይጨሳል። ከመንገድ ለሚገባው ጥም መቁረጫ ውኃ ይቀመጣል፤ ለዚያው ቀን የተጋገረ ዳቦም አይቀርም። በዓሉ የናፍቆት ነው፤ ማሊያሽም ከናፍቆት ይነሣ።

ስለዚህ ከአበባው ጀምሪ። ሴምፓሱቺል የሚሉት ብርቱካናማ አበባ በቀለሙና በመዓዛው ለሙታን መንገድ ያሳያል ተብሎ ወደ መታሰቢያው ገበታ በሚወስደው መንገድ ላይ ይነሰነሳል። ማሊያው ላይም ይህንኑ ሥራ ስጪው፤ ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ክለቡ አርማ ይምራ። እዚህም እዚያም ከበተንሽው ተራ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ፓፔል ፒካዶን፣ ያንን በመሮ እየተፈለፈለ የሚሠራ ስስ ወረቀት፣ ለእጅጌው ጠርዝ አድርጊው።

ቅሉን ፈጽሞ ተዪው አላልኩሽም። ከስኳር የሚሠራው ቅል ግንባሩ ላይ ስም ይጻፍበታል፤ የማሊያ ጀርባም የስም ቦታ ነው። ሁለቱን አገናኚያቸው! ገዢው ያጣውን ሰው ስም የሚያስጽፍበት ቦታ ይኑር። ልጅ እያለ እጁን ይዞ ስታዲየም ያስገባውን አባቱን ጀርባው ላይ ይዞ ይግባ። ክለቡ የሞተ ተጫዋቹን ማሰብ ከፈለገ ግን አስቀድሞ ቤተሰቡን ያስፈቅድ።

ባለ ትልቅ ባርኔጣዋን አጽም፣ ላ ካትሪናን፣ መጠቀም ካማረሽ ታሪኳን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1913 የሞተው ሠዓሊ ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የቀረጻት ማንነታቸውን ደብቀው አውሮፓዊ ለመምሰል የሚጥሩትን ሊነቅፍባት ነው። በ1947 ዲዬጎ ሪቬራ በግድግዳ ሥዕሉ ላይ ሙሉ አካልና ልብስ ሰጣት። እንዲህ ያለችን ሴት ቆንጆ ስለሆነች ብቻ ደረት ላይ መለጠፍ ነውር ነው።

ሕትመቱንም አደራ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ብርቱካናማው ነጭ መደብ ካልተሠራለት ይደበዝዛል። ቀይ ፖሊስተር ላይ ደግሞ የጨርቁ ማቅለሚያ በሙቀት እየወጣ ነጩን ሮዝ ያደርግብሻል፤ በዝቅተኛ ሙቀት የሚደርቅ ቀለም ጠይቂ። በስክሪን ፕሪንት እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ይፈልጋል፤ ቀለም በጨመርሽ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አራት ይበቃሻል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዲዝኒ የበዓሉን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ ሊያስመዘግብ ሞክሮ ቁጣ ሲነሣበት ማመልከቻውን አነሣ። በ2025 ደግሞ አዲዳስ የኦሃካ ግዛት ማኅበረሰብ የሆነውን የያላላግን ባህላዊ ጫማ ሳያስፈቅድ መነሻ አድርጎ ጫማ በማውጣቱ፣ ወኪሉ እዚያው ድረስ ሄዳ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቀች። አንቺ ባህሉ የተወሰደበትን ሰው ስሜት አታጪውም። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ፋብሪካ ውስጥ ታትሞ በርካሽ ሲቸበቸብ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ምን እንደሚሰማው ታውቂያለሽ። በሌላ ሰው እጅ ሥራ ላይ ያንኑ እንዳትደግሚው።

ስለዚህ ወደ ስብሰባው ስትገቢ ንድፍሽን ብቻ ይዘሽ አትግቢ። ከሜክሲኮ ማኅበረሰብ የሆነ ሠዓሊ አብሮሽ እንዲሠራ፣ እንደ አንቺው እንዲከፈለው፣ ስሙም በማሊያው መለያ ላይ እንዲታተም ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ሥራውን ተዪው። ሌላ ሥራ ይመጣል፤ የሰው ሐዘንና ፍቅር ያለበትን ነገር በሰው ፈቃድ ብቻ ንኪ።