ጥያቄ ይዞ ላይብረሪ መግባት፦ የቤተ መጻሕፍት የምርምር አገልግሎት ለጤና ባለሙያው

እንደሚታወቀው ላይብረሪ ሲባል ለብዙዎቻችን ፈተና ሲደርስ ወንበር የምንሻማበት፣ ሃንድአውት የምናነብበት ቦታ ነው። እኔም እስከ አምናው የተግባር ልምምድ ድረስ ከዚህ የተለየ አመለካከት አልነበረኝም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ለአዋላጅ ነርሶችና ለሌሎችም የጤና ባለሙያዎች የሚሰጠውን የመረጃ ፍለጋ አገልግሎት፣ በራሴ ላይ ከደረሰው ተነስቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወሊድ ክፍል ተመድቤ ስሠራ አንዲት እናት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልትወጣ ነበር። ከገጠር የመጡት የሕፃኑ አያት ጠጋ አሉና «ልጄ፣ እትብቱን ቅቤ እንቀባው ወይስ እንዲሁ ይሁን?» ብለው ጠየቁኝ። «ቅቤውስ ይቅር እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ይደረግለት?» ሲሉኝ ግን መልስ አጣሁ። አንዷ ሲስተር «ክሎርሄክሲዲን ይቀባ» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ምንም አይቀባ፣ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ» አለች። ሁለቱም የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ናቸው። አያትየዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን ያያሉ።

ማታ ኢንተርኔት ከፍቼ ስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2006 ዘ ላንሴት በተባለው ጆርናል የታተመ የኔፓል ጥናት አገኘሁ። እትብታቸው በክሎርሄክሲዲን በተጠረገ ሕፃናት ላይ ከባድ የእትብት ኢንፌክሽን በ75 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን ይናገራል። በቃ፣ ደስ አለኝ! «ለሁሉም ሕፃን ይቀባ» ብዬ ወሰንኩ። ጠዋት ላይብረሪ የገባሁትም ሙሉ ጽሑፉን ላስወጣ እንጂ ልጠይቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይቺን ጽሑፍ ያግኙልኝ» አልኳቸው የማመሳከሪያ ክፍሉን ባለሙያ።

«አገኝልሻለሁ። ግን መጀመሪያ ጥያቄሽ ምንድን ነው?»

«ክሎርሄክሲዲን ለእትብት ጥሩ ነው ወይ?»

«ለየትኛው ሕፃን? የት ለተወለደ? ወደየት ለሚሄድ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ለካ የእኔ ጥያቄ ሕፃኑን ጭራሽ ረስቶታል።

1ኛ. ጥያቄን ማደራጀት

ባለሙያው ወረቀት አውጥተው በአራት ከፈሉት። በጤናው ዘርፍ «ፒኮ» ይባላል። አንደኛ ታካሚው ማን ነው? ሁለተኛ ምን ልናደርግለት አስበናል? ሦስተኛ ከምን ጋር እናወዳድረዋለን? አራተኛ ምን ውጤት እንጠብቃለን? የእኔ ጥያቄ ሲስተካከል እንዲህ ሆነ፦ «በጤና ተቋም ተወልዶ፣ እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ወደተለመደበት ቀበሌ ለሚመለስ ሕፃን፣ ክሎርሄክሲዲን መቀባት እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ ከመተው ይልቅ ኢንፌክሽንንና ሞትን ይቀንሳል ወይ?» ረዥም ነው፤ ግን መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው።

2ኛ. ትክክለኛውን ቃል ማግኘት

ፐብሜድ የተባለው የመረጃ ቋት በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ከ35 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መረጃዎችን ይዟል። በዚህ ባሕር ውስጥ ዝም ብሎ መጻፍ አያዋጣም። ቤተ መጻሕፍቱ «ሜሽ» የሚባል የመጠሪያ ቃላት ዝርዝር አለው። ለምሳሌ ደራሲው «ካንሰር» ቢልም «ቲዩመር» ቢልም፣ ጽሑፉ «ኒዮፕላዝምስ» በሚለው ርዕስ ሥር ይመደባል። ተመሳሳይ ቃላትን «ኦር» በሚለው ስናያይዝ ፍለጋው ይሰፋል፤ የተለያዩ ሐሳቦችን «ኤንድ» በሚለው ስናያይዝ ይጠብባል። እኔ ማታ ሰዓታት የፈጀሁበትን ባለሙያው በጥቂት ደቂቃ ጨረሱት።

3ኛ. ሙሉ ጽሑፉን ማግኘት

ፐብሜድ በአብዛኛው የሚያሳየው አብስትራክት ነው። ሙሉው ብዙ ጊዜ በዶላር ይሸጣል፤ የተማሪ ኪስ ደግሞ ይታወቃል። ሂናሪ የተባለው ፕሮግራም የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሲሆን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮች ተቋማት የጤና ጆርናሎችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያገኙ ያደርጋል። ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ማኅበር ሥር ይገኛል። የሚመዘገበው ተቋሙ ስለሆነ የመግቢያ ቃሉን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ላይብረሪው ነው። ስለዚህ ሳንጠይቅ «አይገኝም» ማለት የለብንም።

4ኛ. አንድ ጥናት ብቻውን እንዳይነዳን

ፍለጋው ሲሠራ የኔ የኔፓል ጥናት ብቻውን እንዳልሆነ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዛምቢያና ከታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ክሎርሄክሲዲን የሕፃናትን ሞት ጉልህ በሆነ ደረጃ ሲቀንስ አላገኙም። ኔፓል ላይ ከተጠኑት ሕፃናት አብዛኞቹ ደግሞ በቤት የተወለዱ ነበሩ። ቦታው ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው የድኅረ ወሊድ ምክር ሁሉንም አገናዝቦ፣ እትብት በንጽሕናና በደረቁ ይያዝ፤ 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ መቀባት የሚመከረው ጎጂ ባህላዊ ነገሮችን እትብት ላይ ማድረግ በተለመደበት አካባቢ ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ ሁለቱ ሲስተሮች የተለያየ መልስ የሰጡት የተለያየ ሕፃን በአእምሯቸው ይዘው ኖሯል።

5ኛ. የላይብረሪያን ድንበር

«ታዲያ ምን እናድርግ ጋሼ?» ስላቸው ሳቁ። «እኔ አፈላላጊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህንን ከአገራችን መመሪያ ጋር አስተያይተው የሚወስኑት አለቆችሽ ናቸው» አሉኝ። ይህም ትልቅ ትምህርት ነው። አገልግሎቱ ማስረጃውን ፈልጎ፣ አጣርቶ፣ አደራጅቶ ያቀርባል፤ ውሳኔው የባለሙያው ነው።

ወረቀቴን ይዤ ወደ ዋርድ ሮጥኩ። ኃላፊዋ ሲስተር አንብባ ስትጨርስ ወደ አያትየዋ ሄደች። «እማማ፣ በእናንተ አገር እትብት ላይ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ቅቤ ነዋ! ቅቤ ያልተቀባ ማን አለ?» አሉ። የጎደለው የጥያቄው ክፍል ይኸው ነበር። ሲስተር ክሎርሄክሲዲኑን ሰጥታ፣ ስንት ቀን እንደሚቀባና ቅቤ ለምን እንደማይደረግ አስረዳች። የዓይን መድኃኒት መስሏቸው ወደ ዓይን ያስገቡ ሰዎች ሕፃናትን እንደጎዱ ሌላ አገር ስለታየ፣ «ለእትብት ብቻ ነው፣ ዓይን እንዳይነካ» ብላ አያትየዋን መልሳ አስደገመቻቸው። «ተመስገን፣ አሁን ገባኝ» ብለው መርቀውን ሄዱ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ላይብረሪ ስንሄድ የጽሑፍ ርዕስ ብቻ ሳይሆን የታካሚያችንን ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚመለስ ጽፈን እንግባ። የማመሳከሪያ ክፍሉ በር ክፍት ነው፤ የምናፍረው እኛ ነን። እኔ እንኳን ያን ቀን ባልጠይቅ ኖሮ፣ ግማሽ እውነት በእጄ ይዤ ዋርዱን በሙሉ ላሳስት ነበር።

ቸር ይግጠመን!