ስለ ሆድ ዕቃ ሕመሞችና ስለ አመረማመራቸው

በአገራችን አነጋገር ምስጢር የሚቀበርበት ስፍራ ሆድ ነው። ሰው የሚያስጨንቀውን ነገር መግለጽ ሲያቅተው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ በሌላ ጉዳይ የትዕግሥት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለሆድ ሕመም ግን ታላቅ ጠላት ነው። ብዙ ሰዎች የዓይነ ምድራቸውን መልክ ለሐኪም መናገር ያፍራሉ። አንዳንዶቹም ለሕመማቸው ራሳቸው ስም አውጥተው ከመድኃኒት መሸጫ ያገኙትን ክኒን ይውጣሉ። ላይኛው ሆዱን ያቃጠለው «ጨጓራ ነው» ይላል፤ የቆረጠው «አሜባ ነው» ይላል፤ የራበው እንኳ «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል። ነገር ግን የሆድ ሕመም ምልክት ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። የበሽታው ስም የሚታወቀው ሕመምተኛው ሳይደብቅ ሲናገርና ተገቢው ምርመራ ሲደረግለት ነው።

የምግብ መንገድ

ምግብ ከአፍ ተነሥቶ በጉሮሮ በኩል ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ በዚያም ከአሲድ ጋር ይታሻል። ከዚያ በአዋቂ ሰው 6 ሜትር ያህል ርዝመት ወዳለው ቀጭን አንጀት ያልፋል። ጉበት ሐሞትን፣ ቆሽትም የምግብ መፍጫ ፈሳሽን ወደዚሁ አንጀት ይልካሉ። ለሰውነት የሚጠቅመው ሁሉ ወደ ደም ከገባ በኋላ የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይሄዳል፤ ይህም ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ውኃውን መጥጦ ዓይነ ምድርን ያጠነክራል። ከነዚህ ክፍሎች በየትኛውም ላይ ጉዳት ቢደርስ ሕመምተኛው የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ሆዴን አመመኝ» የሚለው ነው።

ምርመራ በጥያቄ ይጀመራል

ጥሩ ሐኪም ወደ መሣሪያ ከመሄዱ በፊት ይጠይቃል። ስለዚህ ሕመምተኛው ለሚከተሉት 5 ጥያቄዎች መልስ አዘጋጅቶ ቢሄድ መልካም ነው።

1ኛ. ሕመሙ በየት በኩል ነው? ወደ ሌላ ስፍራስ ይዘልቃል?
2ኛ. መቼ ጀመረ? ያለማቋረጥ ያማል ወይስ መጣ ሄድ ይላል?
3ኛ. ምግብ ሲበላ ይብሳል ወይስ ይሻላል?
4ኛ. ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ድርቀት ወይም ክሳት አለ? የዓይነ ምድሩ መልክስ ምን ይመስላል?
5ኛ. ምን መድኃኒት ተወስዷል? የአገር ባህል መድኃኒትም ቢሆን አይደበቅ።

ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ሆድን ያያል፣ በማዳመጫ ይሰማል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ በመጨረሻም ይዳስሳል። ማዳመጡ ከመዳሰሱ የሚቀድመው መዳሰስ የአንጀትን ድምፅ ሊለውጥ ስለሚችል ነው። የሕመሙ ስፍራም ብዙ ይናገራል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር የሚነሣ ብርቱ ሕመም የሐሞት ከረጢት ጠጠርን ያሳስባል። በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ የሚወርድ፣ ሰው ሲራመድ ወይም ሲያስል የሚብስ ሕመም ግን የትርፍ አንጀት ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ትርፍ አንጀቱን ሊያፈነዳና ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

በብዛት የሚያጋጥሙ ሕመሞች

የጨጓራ ቁስል። በርበሬና ቡና ሕመሙን ሊቀሰቅሱት ቢችሉም የቁስሉ ዋና መነሻዎች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያና እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያውን በ1982 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ናቸው። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ይኖራል ብሎ የሚያምን ጥቂት ስለ ነበረ፣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው መታመሙን በምርመራ አሳየ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ባክቴሪያው በዓይነ ምድር ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል። የደም ምርመራው ግን ቀድሞ የዳነውንና አሁን የታመመውን አይለይም። ኦሜፕራዞልን የመሳሰሉ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች 2 ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም 4 ሳምንት ሳይሞላቸው የዓይነ ምድርና የትንፋሽ ምርመራን ውጤት ሊያሳስቱ ስለሚችሉ፣ ስለነዚህ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ሁኔታው የሚያሳስብ ሲሆን ጨጓራው ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ከውስጥ ይታያል።

ተቅማጥ። በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ዓይነ ምድር መውጣት ተቅማጥ ይባላል። በዚህ ሕመም መጀመሪያ የሚመዘነው ከሰውነት የወጣው የውኃ መጠን ነው። የሕፃኑ ዓይን ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ሕፃኑ ከፈዘዘና መጠጣት ካቃተው ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ እየደጋገሙ ማጠጣት፣ ጡት የሚጠባውንም ማጥባት ሳይቋረጥ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ደግሞ ምርመራ የሚሻ ነው፤ በባክቴሪያ የመጣውና በአሜባ የመጣው መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና።

የአንጀት ትሎች። ኮሶ ጥሬ ወይም ያልበሰለ የከብት ሥጋ በመብላት ይተላለፋል። ቍርጥራጩ በዓይነ ምድር ላይ ስለሚታይ ሕመምተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ ያውቀዋል። አባቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ ወቅጠው ይጠጡ ነበር፤ ነገር ግን መጠኑ በትክክል ስለማይለካ ሰውን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ዛሬ ተለክቶ የሚሰጥ ክኒን አለ። ወስፋት በተበከለ ምግብና እጅ ይገባል። መንጠቆ ትል ደግሞ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ ደም ያሳንሳል። የእነዚህ የሁለቱ ዕንቍላል በአጉሊ መነጽር ይታያል።

ለምርመራ የሚሰጥ ዓይነ ምድር

የላቦራቶሪ ባለሙያ የቱንም ያህል ቢበረታ ከተበላሸ ናሙና እውነት አያወጣም። ስለዚህ ዕቃው ንጹሕ፣ ደረቅና ክዳን ያለው ይሁን። ሽንትም ሆነ ውኃ አይቀላቀልበት። ደም ወይም ንፍጥ ካለ ከዚያው ክፍል ይወሰድ። ቀጭን ሲሆን በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፤ የሚንቀሳቀሰው አሜባ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታልና። ደግሞም ጥገኛ ሕዋሳት በየቀኑ ስለማይወጡ አንድ ምርመራ «ምንም የለም» ቢል ሐኪሙ በተለያዩ ቀናት እስከ 3 ጊዜ ሊያስደግም ይችላል።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት ዓይነ ምድር፤ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤ እንደ ጣውላ የጠነከረ ሆድ፤ ሆድ ተነፍቶ ፈስና ዓይነ ምድር አልወጣ ማለት፤ የዓይን ቢጫ መሆን። ምግብ አልዋጥ ማለትና ያለ ምክንያት መክሳትም ቀጠሮ የሚሰጣቸው አይደሉም።

የመምህራን ድርሻ

በክፍል ውስጥ ሆዱን ይዞ የሚያጎነብስ ተማሪ ከትምህርት ሊያመልጥ ነው ተብሎ አይናቅ። ለብቻው ጠርተው በለሰለሰ ቃል ቢጠይቁት በጓደኞቹ ፊት ያፈረበትን ይናገራል። ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብን፣ ጫማ ማድረግን፣ ሥጋን አብስሎ መብላትንም መምህሩ በምሳሌነት ያስተምር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሆድ ለሌላው ምስጢር መቃብር ይሁን፤ ስለ ራሱ ሕመም ግን በሐኪም ፊት ይናገር።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ጨጓራ ነው» ብሎ ያለ ምርመራ መድኃኒት መውሰድ የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው?
2. ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ውኃ እንዳለቀበት በምን ይታወቃል?
3. ሕመሙ ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ ለወረደ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት የማይሰጠው ለምንድን ነው?