«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንል

የተወደዳችሁ የግምጃ ቤት ወጣቶች፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከቍጥር 11 እስከ 19 እንደ ተጻፈው፣ ከለምጽ የነጹት 10 ሰዎች ነበሩ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው ግን 1 ብቻ ነው፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር።

የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እናቶች ካላቸው ቈርሰው ይሰጡታል። ተምሮ መሪጌታ ሲባል የመምህሩ ስም ይጠራል፤ የመገቡት እናቶች ስም ግን አይነሣም። እኛንም ፊደል ያስቈጠሩን፣ ውኃ ቀድተው፣ ጋግረው ያሳደጉን አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት «ዕዳዬን እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም» ማለት ነው። እንግዲህ ሳያልፉብን፣ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ወደ አንድ ባለ ውለታችን ደጅ እንሂድ፤ ያደረጉልንን ለይተን እንንገራቸው፤ እንጨትም እንፍለጥላቸው።