ለኑሮም ለመንገድም የሚሆን ጀልባ አመራረጥ

የአምቦ ልጆች ስለ ጀልባ የምናውቀው ጥቂት ነው። ሁሉቃና ጉደር ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ የሚወርዱ ወንዞች ስለ ሆኑ ጀልባ አይሸከሙም፤ አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ሲነሣ ገና ሕፃን ነው። ይሁን እንጂ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የወንጪ ሐይቅ፣ ከጊንጪ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የደንዲ ሐይቅ አለ። ሁለቱም ጥንት እሳተ ገሞራ በተዋቸው ጐድጓዳ ስፍራዎች ውስጥ የተኙ ናቸው። ከደንዲ የሚወጣው ውሃ ሁሉቃ ተብሎ በከተማችን መካከል ያልፋል። በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ምእመኑም አገር ጎብኚውም የሚሻገረው በጀልባ ነው። በ2020 በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዱ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። እንግዳ ሲበዛ ጀልባም መብዛቱ አይቀርም። እንግዲህ ጀልባ የሚገዛው ወይም የሚያሠራው ሰው ምን ዐይነቱን ይምረጥ? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም፤ ዋና የማይችል መንገደኛ በጀልባ ላይ ሲቀመጥ ነፍሱን ለመራጩ አደራ ሰጥቷልና።

መልሱን ለማግኘት ከሁሉ የከበደውን ምሳሌ መውሰድ ይሻላል። በአውሮፓ ጀልባን ቤታቸው አድርገው፣ በሰው እጅ በተቈፈረ የውሃ ቦይ ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዙ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ ካታማራን የሚባለውን ትንሽ ባለ ሁለት አካል ጀልባ የሚፈልጉ አሉ። ይህ ጀልባ ጓዝ መሸከም፣ በጠባብ ቦይ ማለፍ፣ ሲያስፈልግም ባሕር መሻገር አለበት። ሦስቱ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ይህን ጠብ ያስታረቀ ሰው ወንጪ አይከብደውም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ካታማራን የሚለው ቃል በደቡብ ሕንድ ከሚነገረው ከታሚል ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የታሰረ እንጨት ማለት ነው። ዛሬ ግን ስሙ የሚሰጠው ሁለት ጠባብና ረዣዥም አካሎች ጎን ለጎን ሆነው በአግዳሚ እንጨት ለተያያዙለት ጀልባ ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባውን የሚያንሳፍፈውን ባዶ አካል በዚህ ጽሑፍ ቀፎ እንለዋለን። የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ሰዎች በእንደዚህ ያለ ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ታላላቅ ርቀቶችን ተሻግረዋል። አሜሪካዊው ናትናኤል ሄረሾፍ በ1876 አማሪሊስ የተባለች ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ሠርቶ በኒው ዮርክ ውድድር ባለ አንድ ቀፎዎቹን ጥሏቸው ሄደ። ተሸናፊዎቹ ተቃወሙና ጀልባዪቱ ከውድድር ታገደች። የሰው ጠባይ የትም አንድ ነው።

ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ በቀላሉ የማይገለበጥበትን ምክንያት ለማየት ሁለት ባዶ የአምቦ ውሃ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይበቃሉ። ክዳናቸውን አጥብቀህ አንደኛውን በሳፋ ውሃ ላይ አስተኛውና በላዩ አንድ ጠጠር አስቀምጥ፤ ጠርሙሱ ተንከባሎ ጠጠሩን ይጥለዋል። አሁን ሁለቱን ጠርሙሶች አራርቀህ በሁለት ዘንጎች እሰራቸው፤ ጠጠሩን በአንደኛው ጠርሙስ ላይ ብታደርገው እንኳ ጥቂት ዘንበል ብለው ይቆማሉ። አንደኛው ጠርሙስ ሲሰጥም የሚገፋው ውሃ ይጨምራል፤ የሁለተኛው ደግሞ ይቀንሳል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም እንደ ሚዛን ክንድ ሆኖ ይመልሳቸዋል። በክፍል ውስጥ የተማርነው የአርኪሜዴስ ሕግ ይኸው ነው።

ጠርሙሱን ትተን ወደ እውነተኛው ጀልባ በቍጥር እንሂድ። እያንዳንዱ ቀፎ 7 ሜትር ርዝመትና በውሃው ገጽ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይኑረው። ጫፎቹ የሾሉ ስለ ሆኑ ስፋቱን በ0.7 እናባዛለን፤ ለአንዱ 2.45፣ ለሁለቱ 4.9 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጀልባው 1 ሴንቲ ሜትር እንዲሰጥም 49 ሊትር ውሃ መግፋት አለበት፤ ይህም 49 ኪሎ ጭነት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከመካከል ተነሥቶ በአንደኛው ቀፎ ላይ ቢቆም፣ 30 ኪሎ ያህል ከዚያኛው ወደዚህኛው ይዛወራል፤ አንዱ 1.2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ሌላውም ያን ያህል ይወጣል። ቀፎዎቹ በ3 ሜትር ቢራራቁ የጀልባው ማዘንበል ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሽማግሌና ሕፃን በሚሳፈሩበት ስፍራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ያው ስሌት ጕዳቱንም ያሳያል፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት ይህን ነው። ሁለት ሰዎች በጀልባው ላይ ሊኖሩ አስበዋል እንበል። የመጠጥ ውሃ 200 ኪሎ፣ እህልና ስንቅ 50፣ ምድጃና የጋዝ ሲሊንደር 30፣ መልሕቅና ሰንሰለት 40፣ ባትሪ 50፣ ልብስ፣ መጽሐፍና መሣሪያ 100፣ የሁለቱ ሰዎች ክብደት 130፤ በጠቅላላው 600 ኪሎ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከነጭራሹ ይቅር። ባለ ሁለት ቀፎው በዚህ ጓዝ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሰጥማል። 7 ሜትር ርዝመትና 2.2 ሜትር ወርድ ያለው ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ግን በአንድ ሴንቲ ሜትር 108 ኪሎ ያህል ስለሚሸከም የሚሰጥመው ከ6 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ባለ ሁለት ቀፎው በጓዝ ሲከብድ ፍጥነቱን ያጣል፤ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ያለው ወለልም ወደ ውሃው ስለሚቀርብ ማዕበል ከሥሩ ይደበድበዋል። ስለዚህ ካታማራን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የቤቱን ዕቃ በሚዛን ይመዝን። ጓዝ የሚወድ ሰው ካታማራን ባይገዛ ይሻለዋል።

በትንሽ ካታማራን መኖር እንደሚቻል ያሳየው እንግሊዛዊው ጄምስ ዋራም ነው። ታንጋሮዋ የተባለች 7.2 ሜትር ያህል ብቻ የምትረዝም ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በ1955 ከሁለት ሴቶች ባልንጀሮቹ ጋር ከእንግሊዝ ተነሥቶ አትላንቲክን በመሻገር ትሪኒዳድ ደረሰ። እዚያም ሮንጎ የምትባል ታላቂቱን ሠርተው በ1959 ሰሜን አትላንቲክን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ። ታንጋሮዋ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም ነበር፤ በጠባቡ ቀፎ ውስጥ መተኛት ነው እንጂ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ዋራም በኋላ በነደፋቸው ጀልባዎች ቀፎዎቹን ከአግዳሚዎቹ ጋር የሚያያይዘው በብሎን ሳይሆን በገመድ ነበር፤ ገመድ ከማዕበል ጋር ጥቂት ስለሚሳሳብ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ይህን ገመድ ልብ በሉት፤ ለእኛ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ቦዩ እንግባ። የእኛ አገር ቦዮች፣ እንደ አዋሽ ሸለቆ ያሉት፣ እርሻ ያጠጣሉ እንጂ ጀልባ አያሳልፉም፤ ስለዚህ የአሠራሩን ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ቦይ ዳገት ሲያጋጥመው መሐንዲሶች ከላይና ከታች በር ያለው የድንጋይ ክፍል ይሠራሉ። ጀልባው በታችኛው በር ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ይለቀቃል፤ ጀልባው ከውሃው ጋር ከፍ ይልና በላይኛው በር ይወጣል። እንግዲህ የክፍሉ ወርድ የጀልባው ሕግ ነው። በእንግሊዝ አገር በጠባቦቹ ቦዮች ይህ ክፍል 2.1 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ካታማራን እዚያ አይታሰብም። በፈረንሳይ ፍሬሲኔ የተባሉት ሚኒስትር በ1879 ባስወጡት ሕግ የክፍሎቹ ልክ 39 ሜትር በ5.2 ሜትር ሆነ። ሄቨንሊ ትዊንስ የሚባለው 8 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ካታማራን ወርዱ 4.2 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በዚያ ያልፋል፤ 3 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ትንሹ ሂሮንዴልም እንዲሁ። ዛሬ ለመዝናኛ የሚሠሩት 12 ሜትር የሚረዝሙ ካታማራኖች ግን ወርዳቸው ከ6 ሜትር ተኩል ስለሚበልጥ በሩን እያዩ ይመለሳሉ።

ከወርድ ቀጥሎ ጥልቀት ነው። የቦይ ወለል ደለል ስለሚሞላው ከሥሩ ብዙ የማይሰጥም ጀልባ ይመረጣል፤ ትንሽ ካታማራን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃዋል። ሦስተኛው ድልድይ ነው። የሸራው ምሰሶ የሚታጠፍ መሆን አለበት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ግን በ1681 በተከፈተው በደቡብ ፈረንሳይ የሚዲ ቦይ ላይ እንዳሉት ያሉ ድልድዮች ቅስት መሆናቸው ነው። ቅስት በመካከሉ ከፍ፣ በጎኖቹ ዝቅ ይላል። ጠባብ ጀልባ በመካከል ሾልኮ ያልፋል፤ የካታማራን ሰፊ ቤት ግን በትከሻው ይላተማል። ስለዚህ የድልድይ ከፍታ ሲለካ በጀልባው ጠርዝ ላይ ባለው ልክ ይለካ፤ በመካከሉ አይለካ።

ውሃው ጀልባውን እንደሚመርጥ የእኛም አገር ታሪክ ይመሰክራል። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቅዶ ነበር፤ ያውም ጋምቤላ ነው። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ወደዚያ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። መርከቦቹ በጥልቅ የማይሰጥሙ ነበሩ፤ ያም ሆኖ የሚመላለሱት ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር። ውሃው ሲጎድል ንግዱ ይቆማል። በእኛ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ የኋላ ኋላ ያንን ጭነት በመኪና ወደ አዲስ አበባ አዞረው።

ካታማራንን ስናመሰግን አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ከሥሩ ከባድ ብረት ያለው ባለ አንድ ቀፎ የባሕር ጀልባ በማዕበል ቢወድቅ ተመልሶ ይነሣል። ካታማራን በቀላሉ አይገለበጥም፤ ከተገለበጠ ግን እንደ ተገለበጠ ይቀራል። በቦይና በሐይቅ ላይ ሸራ የማያበዛ ሰው ይህ ብዙም አያሳስበው፤ ባሕር የሚሻገር ግን ያስብበት።

ታዲያ ለወንጪ የትኛው ይሁን? ጣናን ያየ ሰው ታንኳ ይለን ይሆናል። የደንገል ታንኳ ክብር የሚገባው ሥራ ነው፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969ና በ1970 አትላንቲክን ሊሻገርባቸው ያሠራቸው ራ የተባሉት ጀልባዎች ደንገላቸው ከጣና የሄደ ነበር። ይሁን እንጂ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ በአዲስ ይተካል። ደንገል በየሸንበቆው ለሚያድርበት ለጣና ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን ዕዳ ነው።

በእኔ አስተያየት ለወንጪ የሚሻለው ያው በገመድ የሚታሰረው ባለ ሁለት ቀፎ ነው። ሐይቁ በገደል የተከበበ ስለ ሆነ ትልቅ ጀልባ ሙሉውን ወደ ታች ማውረድ ያስቸግራል፤ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ጠባብ ቀፎ ግን ስምንት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት ይወርዳሉ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ ከውሃው ዳር ተገጥሞ ይታሰራል። የሚያሳልፈው ጠባብ በር ስለሌለ ወርዱ እስከ 4 ሜትር ሊሰፋ ይችላል። የሰው ልክ ግን በስሌት ይወሰን፤ ከላይ ባየነው ቀፎ 10 ሰዎች ቢሳፈሩ 600 ኪሎ ናቸው፤ 12 ሴንቲ ሜትር ይሰጥማል። ይህ ልክ በቀለም መስመር በቀፎው ላይ ይጻፍ፤ መስመሩ ውሃ ውስጥ ከገባ አሥራ አንደኛው ሰው ይውረድ፤ ቀጣዩን ይጠብቅ።

ስለ ሞተሩም አንድ ቃል። የወንጪ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር ኀይሉን የሚያገኘው ከአየር ጋር ቤንዚን አቃጥሎ ስለ ሆነ፣ በባሕር ዳርቻ 10 የፈረስ ጕልበት የነበረው እዚያ ላይ 7 ያህል ብቻ ይቀረዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ያለው ሰፊ ጣሪያም ለፀሐይ ሰሌዳ የተመቸ ነው። ባትሪዎቹ በሁለቱ ቀፎዎች እኩል ይከፈሉ፤ መቅዘፊያ ሁለት ይኑር፤ ገመዱም በየማለዳው ከመሻገሪያው በፊት ይፈተሽ፤ የላላ ካለ እንደገና ይጠበቅ፤ የተበላ ካለ ይቀየር።