ካርቡሬተር ሲቀየር የሞተሩ ጋዝ በየት ይውጣ?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የቮልስን ድምፅ ከሩቅ ይለያል። አሜሪካ መጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ አሮጌ መኪና ለማደስ ሲነሳ መጀመሪያ ዓይኑ ቮልስ ላይ ቢያርፍ አያስገርምም። ከእድሳቱ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ደግሞ ካርቡሬተር መቀየር ነው። ቀላል ይመስላል፦ ሁለት ዳዶ፣ አንድ የቤንዚን ቱቦ፣ አንድ የፔዳል ገመድ፣ ጥቂት ሽቦ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን አንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ እጅ ላይ ይቀራል። አሮጌው የአየር ፊልትሮ ላይ ተሰክቶ የነበረ ነው፤ ከአዲሱ ካርቡሬተር ጋር የመጣችው ትንሽ ፊልትሮ መሰኪያ የላትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ ወይም አንጠልጥሎ ይተወዋል። ሁለቱም አይበጁም፤ መድፈኑ ግን ይብሳል። ምክንያቱን ለመረዳት ካርቡሬተሩን ለጊዜው ትተን ወደ ሞተሩ ውስጥ እንውረድ።

ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ዙሪያውን የሚዘጉት ሪንግ የሚባሉ የብረት ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቶቹ ፈጽሞ አየር እንዳያሳልፉ ተደርገው ሊሠሩ አይችሉም፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ጫፍና ጫፋቸው መካከል ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ነዳጁ ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች በሚገፋበት ቅጽበት ከጋዙ ጥቂቱ በዚያ ክፍተትና በቀለበቶቹ ጎን ይሾልካል። ሾላኪ ጋዝ እንበለው፤ እዚህ አገር ያሉ መካኒኮች ብሎው ባይ ይሉታል። የሚወርደው ወደ ክራንክኬዝ ነው፤ ክራንክኬዝ ማለት ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትና የሞተር ዘይቱ የሚቀመጥበት ዝግ ክፍል ነው። አዲስ ሞተርም ጥቂት ያሾልካል፤ ቀለበቶቹ ያለቁበት ሞተር ደግሞ ብዙ።

እንግዲህ ዝግ ክፍል ውስጥ ያለማቋረጥ ጋዝ ከገባ ግፊቱ ያድጋል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ እሳት ላይ የተጣደ ድስት እንደሚያደርገው፣ ክራንክኬዙም ደካማ ቦታ ፈልጎ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ዘይት ይዞ ይወጣል። ቮልስ ላይ ይህ ደካማ ቦታ የታወቀ ነው። ከፋብሪካ በወጣው ሞተር ላይ የክራንክሻፍቱ ፑሊ የጎማ ማሸጊያ (ሲል) የለውም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው በፑሊው አንገት ላይ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ ብቻ ነው። ቦዩ የሚሠራው ከውስጥ የሚገፋ ግፊት ከሌለ ነው። ቱቦውን ሲደፍኑት ዘይት በፑሊው በኩል ይረጫል፣ ሞተሩም በዘይት ይጠመቃል። ከዚያ ጋራዥ ገብቶ ጓርኒሲዮን መቀያየር ይጀመራል፤ ጓርኒሲዮኖቹ ግን ምንም አልሆኑም።

ግፊት አንዱ ችግር ነው። ሁለተኛው ጋዙ ይዞት የሚወርደው ነገር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን ከሾላኪው ጋዝ ጋር፣ ካልተቃጠለ ቤንዚንና ከአሲድ ጋር፣ ዘይቱ ላይ ያርፋል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ እንፋሎቱ መውጫ እስካገኘ ድረስ ይወጣል። በጥር ብርድ ከጆርጂያ አቬኑ ሱቅ ደርሶ የሚመለስ መኪና ግን ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ነጣ ያለ ቅባት የመሰለ ነገር ካገኙ፣ ያ ዘይትና ውኃ ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ክራንክኬዝ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ጋዙ ከመውጣቱም ሌላ በምትኩ ንጹህ አየር ቢገባበት ዘይቱ ብዙ ይቆያል።

በድሮ መኪኖች መተንፈሻው ወደ መሬት የተዘረጋ ክፍት ቧንቧ ብቻ ነበር። መኪናው ሲሮጥ ከሥር የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ይስበዋል፤ መኪናው ሲቆም ግን የሚስበው የለም። የሎስ አንጀለስ የጭስ ጉም መነጋገሪያ ሲሆን ከዚህ ቧንቧ የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ አንዱ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። በፈረንጆች 1961 በካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች፣ በ1963 ደግሞ በመላው አሜሪካ የሚሸጡት፣ ጋዙን መልሰው ወደ ሞተሩ አስገብተው የሚያቃጥሉበት መሣሪያ ተገጠመላቸው። መሣሪያው ፒሲቪ ይባላል፤ በሞተሩ መምጠጥ ክራንክኬዙን የሚያናፍስ ማለት ነው። ከካርቡሬተር ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ መምጠጡ የሚፈጠረው ካርቡሬተሩ ሥር ነውና።

በካርቡሬተሩ ታችኛው ክፍል ላይ በፔዳሉ የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ ዝርግ ብረት አለ፤ ትሮትል ይባላል፣ እኛ የአየር በር እንበለው። ከበሩ በታች አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ አለ። አሁን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ እየነዱ ነው እንበል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞዎት በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይነካ ሞተሩ እየሠራ፣ ሲቆሙ በሩ ዝግ ሊባል ትንሽ ቀርቶታል፤ ፒስተኖቹ ይስባሉ፣ አየር አይገባም፣ ስለዚህ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ከግማሽ በታች ይወርዳል። መምጠጡ ከፍተኛ ነው፤ ሾላኪው ጋዝ ግን በዚህ ሰዓት ጥቂት ነው። ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ሲሄዱ ሁለቱም መካከለኛ ናቸው። ከመግቢያው መንገድ ተንደርድረው ከመኪኖቹ መሐል ለመግባት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲረግጡ ደግሞ በሩ ሙሉ ይከፈታል፤ መምጠጡ ይጠፋል፣ ሾላኪው ጋዝ ግን ከምንጊዜውም በላይ ይበዛል። ልብ ይበሉ፤ የሚመጠጠው ጋዝ ሲያንስ መምጠጡ ይበረታል፣ ጋዙ ሲበዛ መምጠጡ ይደክማል።

ከክራንክኬዙ ወደ ማኒፎልዱ በሚሄደው ቱቦ ላይ ያለው የፒሲቪ ቫልቭ የተሠራው ይህን ለማቻቻል ነው። በውስጡ በሞላ የተያዘ ትንሽ ተንቀሳቃሽ መዝጊያ አለ። በሚኒሞ ኃይለኛው መምጠጥ መዝጊያውን ስቦ መተላለፊያውን ያጠበዋል። መምጠጡ ሲቀንስ ሞላው መዝጊያውን ይመልሰዋል፣ መንገዱም ይሰፋል። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ኋላ ቢተኩስ ደግሞ ቫልቩ ተዘግቶ እሳቱ ወደ ክራንክኬዙ እንዳይገባ ያግዳል። ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ለሚተርፈው ጋዝ ሁለተኛ ቱቦ አለ፤ ከክራንክኬዙ ወደ አየር ፊልትሮው የሚሄድ። በሌላ ጊዜ ንጹህ አየር የሚገባው በዚሁ ቱቦ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ብቻ ያስቀረ ሰው ግማሹን ሥራ አፍርሷል።

ወደ ቮልሱ እንመለስ። የተለመደው ቮልስ ይህ ቫልቭ የለውም። ከዘይት መሙያው አንገት ተነስቶ ወደ አየር ፊልትሮው የሚሄድ ቱቦ ብቻ አለው፤ የሚስበውም በፊልትሮው ውስጥ ያለ ቀላል መምጠጥ ነው። ከአንገቱ ወደ ታች የወረደች፣ ጫፏ ላይ የተሰነጠቀ ላስቲክ ያላት ቀጭን ቧንቧም አለች፤ ውኃ የሚንጠባጠበው በእሷ ነው። ላስቲኳ ብዙ ጊዜ ጠፍታ ነው የምትገኘው፤ ርካሽ ናትና ይተኳት። አዲሱ ካርቡሬተር እንደ አሮጌው ሶሌክስ 34 ፒክት ዓይነት ከሆነ ነባሩን ፊልትሮ መልሰው ይግጠሙ፤ ነገሩ በዚህ ያበቃል። እኔ ብሆን ለመልክ ብዬ ያን ፊልትሮ አልጥልም። ትንሽ ፊልትሮ የግድ ከሆነ ግን የቱቦ መሰኪያ ያለውን ይምረጡ። መሰኪያው ከማጣሪያው በስተ ውስጥ፣ በንጹሁ አየር በኩል መሆን አለበት፤ በውጭ በኩል ከሆነ የዘይቱ ጉም ማጣሪያውን አርሶ ይደፍነዋል። ሁለት ካርቡሬተር ለሚገጥም ሰው ከቴስታታ ሽፋኖቹና ከዘይት መሙያው የሚመጡ ቱቦዎችን የሚሰበስብ፣ ዘይቱን ለይቶ የሚያስቀር ሳጥን ይሸጣል። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ቮልስ በኢንጀክሽን ነው የሚሠራው፤ ያንን ወደ ካርቡሬተር የሚቀይር ሰው የመተንፈሻውንም መንገድ እንደ አዲስ መዘርጋት አለበት።

ፒሲቪ ያለው መኪና፣ ለምሳሌ የ1970ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች የሚገጥሙለት ዌበር 32/36 የተባለውን ካርቡሬተር ነው። የቫልቩ ቱቦ መሰካት ያለበት ከአየር በሩ በታች፣ መምጠጡ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል በሚደርስበት ቦታ ነው። ወደ አንድ ሲሊንደር በሚሄድ የማኒፎልድ ክንድ ላይ ብቻ ከሰኩት ያ ሲሊንደር ትርፍ አየርና ዘይት ለብቻው ይወስዳል፤ ካንዴላውም ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆሽሻል። ለማቀጣጠያው ማቅደሚያ የተሠራችውን ቀጭን አፍንጫም አይጠቀሙ፤ እሷ ከበሩ ጠርዝ በላይ ስለሆነች በሚኒሞ አትስብም። ቫልቩን አውጥቶ ባዶ ቱቦ በቀጥታ ማኒፎልዱ ላይ መሰካት ደግሞ ትልቅ የአየር ቀዳዳ መክፈት ነው፤ ሚኒሞው ይናጋል፣ ዘይትም ይመጠጣል።

የእንግሊዙ መኪና ኤምጂቢ ለብቻው የሚታይ ነው። ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ክራንክኬዙ የሚተነፍሰው በራሳቸው በኤስዩ ካርቡሬተሮቹ በኩል፣ ከበሩ በላይ ባለና ዘወትር መጠነኛ መምጠጥ በማይለየው ክፍል ነው። ዌበር እንዲህ ያለ ክፍል የለውም። ስለዚህ ኤስዩውን ያነሳ ሰው መተንፈሻውንም አብሮ አንስቷል፤ ወይ ቀደም ሲል በዚያው መኪና ላይ እንደነበረው ማኒፎልዱ ላይ ቫልቭ ያስገባል፣ ወይ ቱቦውን ወደ አየር ፊልትሮው ይወስዳል።

ቱቦው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው ካርቡሬተሩ የሚስተካከለው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። በፒሲቪው የሚገባው ጋዝ ካርቡሬተሩ ሳይለካው የሚያልፍ ስለሆነ ድብልቁን ያሳሳዋል፤ የሚኒሞ ብሎኖቹ መዞር ያለባቸው ይህ ሁሉ ባለበት ነው። ቫልቩም ለሞተሩ መጠን የተሠራ ይሁን፤ የትልቅ ቪ8 ቫልቭ ለ1600 ሲሲ ሞተር በሚኒሞ ከመጠን በላይ አየር ያስገባል። አዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ካርቡሬተር በሻንጣ ይዞ የመጣ ካለም አንድ ነገር ይወቅ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ አየሩም ከዚህ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ለዚያ አየር ተብሎ የጠበበ የነዳጅ ቀዳዳ እዚህ ነዳጅ ያሳንሳል። በዚያ ላይ የፒሲቪው አየር ሲጨመር ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ቫልቮቹም ይቃጠላሉ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ አሌክሳንድሪያ የጭስ ምርመራ ቢኖርም ከ25 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ነፃ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለባት ሜሪላንድም 1995ና ከዚያ በፊት የተሠሩትን አትመረምርም። የፌዴራሉ የንጹህ አየር ሕግ ግን ፋብሪካው የገጠመውን የጭስ መቆጣጠሪያ መንቀል ይከለክላል፤ ስለዚህ ፒሲቪ ይዞ የመጣው መኪና ይዞት ይቀጥል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እያለ የፒሲቪ ቫልቩን ከመሰኪያው ነቅለው አፉን በጣት ይዝጉት፤ ጣትዎን መሳብ፣ የሞተሩም ድምፅ መለወጥ አለበት። መልሰው ይሰኩትና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ወረቀት ጣል ያድርጉበት፤ ቀስ ብሎ ቢሳብ ደኅና ነው፣ ቢገፋ ወይ መንገዱ ተዘግቷል ወይ ቀለበቶቹ አልቀዋል። ቮልስ ላይ ቫልቭ ስለሌለ ወረቀቱ እንዲሳብ አይጠብቁ፤ ለስለስ ያለ ትንፋሽ ያለ ነው፣ የሚያጨስ ኃይለኛ ግፊት ግን የቀለበት ችግር ነው። ቱቦውን ሲያስኬዱ መሐሉ ላይ ወደ ታች እንዳይረግብ፣ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ እያዘቀዘቀ እንዲሄድ ያድርጉ። የረገበ ቦታ ውኃ ያቁራል፤ ውኃው በየካቲት ሌሊት በረዶ ሆኖ ቱቦውን ከዘጋው፣ ጠዋት ቤልትዌይ ላይ ሲወጡ ዘይቱ በፑሊው በኩል መውጣት ይጀምራል።