ፍንጭ በዳይስ አይጣልም

ምንጣፉ ላይ የሲጋራ አመድ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ የጭቃ ዱካ አለ። ከአራቱ ተጫዋቾች አንዱ የያዘው ገጸ ባሕርይ በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት መርማሪ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ብልህነት» ከሚለው ትይዩ 18 ተጽፏል። «አመዱን እመረምራለሁ» ይልና ዳይሱን ይጥላል። 2 ይወጣል። የጨዋታው መሪም ደንቡን ጠብቆ «ምንም አላገኘህም» ይለዋል። ወደ ገዳዩ የሚወስደው ብቸኛ ምልክት ግን ያ አመድ ነበር። የቀረው የምሽቱ ጊዜ ወንበር በመፈተሽና በር በማንኳኳት አለቀ።

ይህ የሆነው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በመራው የምርመራ ጨዋታ ላይ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረገው የሚና ጨዋታ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። ለሰይፍና ለዝላይ ይህ መልካም ነው። ለሊቅ መርማሪ ግን መላ ይፈልጋል።

ገጸ ባሕርዩን መምረጥና ስም ማውጣት ቀላል ነው። እንደ ሼርሎክ ሆልምስ ያለ ሰው ከተፈለገ የማያውቀውንም ጻፉ፤ በ1887 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ ሆልምስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር አለማወቁ ባልንጀራውን ዋትሰንን አስደንግጦታል። እንዲህ ያለው ክፍተት ለሌሎቹ ተጫዋቾች የሥራ ቦታ ይሰጣል።

አስቸጋሪው ቀጥሎ ያለው ነው። ስሌቱን ተመልከቱ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ በአምስተኛው እትሙ ብልህነቱ 18 ለሆነ ሰው 20 ጎን ባለው ዳይስ ውጤት ላይ 4 ይጨምርለታል። መካከለኛ ክብደት ያለው ሥራ 15 ይጠይቃል። ስለዚህ ሊቁ 11 ወይም ከዚያ በላይ ካልጣለ ይስታል፤ ከሁለት አንዴ ማለት ነው። ብልህነቱ 10 የሆነው ተራ ፖሊስ ያንኑ አመድ ከመቶ 30 ጊዜ ያገኘዋል። በሊቅና በተራ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 20 ጊዜ ብቻ ሆነ! ጉዳዩ በሦስት ተከታታይ ፍንጮች ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሊቁ ሦስቱንም የሚያገኘው ከስምንት አንዴ ነው።

«ታዲያ ቁጥሩን ዝቅ ላድርገው» እንዳትሉ። አቅራቢው ሞክሮታል። 15ቱን ወደ 10 ቢያወርዱት ሊቁ አሁንም ከአራት አንዴ ይስታል፤ ሦስቱን ፍንጮች በተከታታይ የማግኘት ዕድሉም ከግማሽ በታች ነው። «እስቲ ደግመህ ጣል» ማለትም አይረዳም፤ ተጫዋቾቹ ዳይሱ ዋጋ እንደሌለው ወዲያው ይገባቸዋል። ከሁሉ የከፋው ፍንጩን በፖሊስ አዛዡ አፍ ማውጣት ነው። ያን ጊዜ ሊቁ አድማጭ ይሆናል፤ ተጫዋቹም ቅር ይለዋል፤ ቅር ቢለው ደግሞ እውነት አለው።

መውጫውን ያሳየው ካናዳዊው የጨዋታ ደራሲ ሮቢን ዲ. ሎውስ ነው። ገምሹ በተባለው የደንብ ሥርዓቱ፣ ተገቢው ሙያ ያለው ሰው በቦታው ተገኝቶ ሙያውን ከተጠቀመ ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ያገኛል። ኬኔት ሃይት በ2008 ትሬይል ኦቭ ክቱሉ የተባለውን ጨዋታ ያዘጋጀው በዚሁ ሥርዓት ነው። ነጥብ የሚከፈለው ለተጨማሪ ዕውቀት ነው፤ ዳይሱም ለማሳደድና ለጠብ ይቆያል። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት «ይህ ባይገኝ ታሪኩ ይቆማል» የምትሉትን ሁሉ ጻፉና ከአጠገቡ ያለውን ቁጥር ሰርዙ።

ሰረዛችሁ? እንግዲያው ሁለተኛውን ወጥመድ ተጠንቀቁ፤ ፍንጭ ስጡ እንጂ መደምደሚያ አትስጡ። ሆልምስ ዋትሰንን ገና ሲያየው ከአፍጋኒስታን መምጣቱን ያውቃል። የጨዋታው መሪ «ይህ ሰው ከአፍጋኒስታን ነው የመጣው» ካለ ለተጫዋቹ ምንም አልተረፈውም። «ፊቱ ጠቁሯል፤ የእጁ አንጓ ግን ነጣ ያለ ነው፤ ግራ ክንዱን እንደ ልብ አያንቀሳቅሰውም፤ አቋሙ የወታደር ነው» ብትሉት ግን የመጨረሻዋን እርምጃ ራሱ ይራመዳል። የሊቅነት ስሜት የሚመጣው ከዚያች እርምጃ ነው።

ባይራመድስ? እንቆቅልሽ ስንጫወት የሚፈተነው የመላሹ የራሱ ጭንቅላት ነው፤ ካቃተው አገር ይሰጣል። እዚህ ግን ተጫዋቹ ከራሱ የላቀን ሰው ነው የሚጫወተው። ጉልበተኛ የሚጫወተውን ሰው «ተነሥና ድንጋይ አንሣ» የሚለው የለም፤ ሊቅ የሚጫወተውንም ያለ እርዳታ መተው አግባብ አይደለም። የአቅራቢው ምርጫ በየምሽቱ ሦስት ጥያቄ መስጠት ነው። ተጫዋቹ «ካየሁት ውስጥ ከሌላው ጋር የማይገጥመው የቱ ነው?» ወይም «ከሚዋሹት ውስጥ የሚፈራው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሪውም እውነቱን ይመልሳል። «ገዳዩ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው።

ለእያንዳንዱ መደምደሚያ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ አኑሩ፤ ይህ የጨዋታ ጸሐፊው የጀስቲን አሌክሳንደር የታወቀ ምክር ነው። ፍንጮቹንም ለሦስት ተጫዋቾች በትኑ፤ ሊቁ የሚያገጣጥመው ሌሎቹ ያመጡትን ይሁን።

የጎደለ ነገር ፍንጭ ሲሆን ግን አፍ አውጥታችሁ ተናገሩት። «ሲልቨር ብሌዝ» በተባለው የሆልምስ ታሪክ ቁልፉ ውሻው በሌሊት አለመጮኹ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ያለ ሰው ያልተነገረውን ነገር ሊታዘብ አይችልም። «ውሻው በረት ውስጥ ነበር፤ ሰገነቱ ላይ የተኙት ሁለቱ ልጆች ግን እስኪነጋ አልነቁም» በሉ።

አስቀድሞ ያሰበ ሊቅ ለሚፈልግ ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የተባለው የጆን ሃርፐር ጨዋታ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ ተጫዋቹ የጭንቀት ነጥብ ከፍሎ «ይህን ትናንት አዘጋጅቼዋለሁ» ማለት ይችላል። የጄሰን ኮርዶቫ ብሪንድልውድ ቤይ ደግሞ ከዚህም ይርቃል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይወሰንም፤ ተጫዋቾቹ የደረሱበትን ግምት፣ ባገኟቸው ፍንጮች ብዛት ልክ የሚታገዝ ዳይስ ያጸድቀዋል። ውብ ጨዋታ ነው፤ ለሆልምስ ዓይነቱ መርማሪ ግን አይመረጥም። እርሱ የሚፈልገው ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ የነበረን እውነት ነው።

በዚህ ሳምንት የምትመሩት ጨዋታ ካለ ዋናዎቹን ፍንጮች ዛሬውኑ በአንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው። ቁጥሩ ያልተሰረዘ አንድም እንዳይኖር።