የኹለት መንትያ ፕሮሰሰሮች ንጽጽር

ወላጆቻችን ኮምፒዩተር ሊገዙልን ሲነሡ አስቀድመው «ፍጥነቱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ቍጥሩ ብቻውን ያታልላል። ለዚህ ምስክር የሚኾኑን የኢንቴል ኩባንያ የሠራቸው 8086 እና 8088 ናቸው። የፊተኛው በ1978፣ የኋለኛው በ1979 እ.ኤ.አ. ወጡ።

በውስጣቸው መንትዮች ናቸው፤ ኹለቱም በ16 ቢት ያሰላሉ፤ የሚታዘዙትም ትእዛዝ አንድ ነው። ልዩነቱ በበራቸው ላይ ነው። 8086 ከሜሞሪ 16 ቢት ባንድ ጊዜ ሲያስገባ፣ 8088 የሚያስገባው 8 ብቻ ነው። አንዱ እህሉን በሙሉ ቁና፣ ሌላው በግማሽ ቁና እንደሚቀበል ወፍጮ መኾኑ ነው። ስለዚህ ኹለቱም በ5 ሜጋኸርዝ ቢሠሩ፣ ባለ 16 ቢት ቍጥር ለማምጣት 8086 (አድራሻው ተጋማሽ ከኾነ) 4 የሰዓት ምት ሲበቃው፣ 8088 ግን 8 ይፈጅበታል። በማባዛት ጊዜ ግን እምብዛም አይበላለጡም፤ ባለ 16 ቢት ኹለት ቍጥሮችን ማባዛት በውስጥ ብቻ ከ100 ምት በላይ ይወስዳልና፣ በሩ ቢጠብም ችግር የለም።

አይ.ቢ.ኤም. በ1981 እ.ኤ.አ. ላወጣው የግል ኮምፒዩተር የመረጠው ቀርፋፋውን 8088ን ነው፤ ለባለ 8 ቢት በር የሚስማሙት መለዋወጫዎች ርካሽና በገበያ የሞሉ ነበሩና።